የሐሙስ ወፍጮ

ያምሮት የጎረቤት ቀሚስ ጠርዝ እየጠቀመች ሳለ ባሏ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ «ሰዓቱ ስንት ሆነ?» አለ። «ሁለት ተኩል» ብላ መለሰችለት። መርፌዋን ሁለት ጊዜ አስገብታ አወጣች፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ቀጥ አለ። ባሏ ይታገሱ ከጠፋ እኮ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው! በቆሎ የጫነ አይሱዙውን ይዞ ከቡሬ ወደ ነቀምት እንደወረደ መኪናው ባዶውን ተገኘ፣ እሱ የውሃ ሽታ ሆነ። የውሃ ሽታ የሆነ ሰው ደግሞ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ሰዓት አይጠይቅም።

ክሩ ከጭኗ ወድቆ እየተንከባለለ አልጋ ስር ገባ። ድምፁ እንደገና መጣ። «እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ጊዜው አይሄድም» አለ። የሱው ነው! ያ አቧራ ያሻከረው ጉሮሮ፣ ያ ቃሉን ሊጨርስ ሲል መጨረሻዋን ዋጥ የሚያደርጋት ነገር። ስድስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ይህን ትስታለች? ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ወጣችና የጎን ክፍሉን በር ሳታንኳኳ በረገደችው።

ውስጥ የነበረው ወንዳወቅ ብቻ ነው። ወንዳወቅ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሰርግና ክርስትና በቪዲዮ እየቀረፀ ይተዳደራል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ሲያያት ጠረቀመው።

«የት አለ?» አለችው።

«ማን?»

«አንተ፣ በሰው ቁስል አትጫወት! ይታገሱ የት አለ?»

ወንዳወቅ ፊቱ አመድ መሰለ። «ፊልሙ ነው፣ እታለም። ለፊልሙ ነው። እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እናና ትሰማለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ያምሮት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን «ሥራልኝ» ብላ ሰጥታው ነበር። ስልኩ ውስጥ ይታገሱ ከየመንገዱ በድምፅ የላከላት መልእክት ሁሉ አለ፤ ደርሻለሁ ያለው፣ ጎማ ፈነዳብኝ ያለው፣ ሽሮው ላይ ጨው አብዝተሻል ብሎ የተነጫነጨው፣ ለሰው ጆሮ የማይሆነውም ጭምር። ወንዳወቅ ሁሉንም ገልብጦ ካምፓስ ለሚማር ጓደኛው ወሰደለት፤ ጓደኝየው ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ላለ ፕሮግራም መገበው። ፕሮግራሙ ድምፁን አጠናና አሁን የተጻፈለትን ማንኛውንም ነገር በይታገሱ አንደበት ይናገራል። ምን ዓይነት ዘመን ላይ ጣለን!

«የባሌን ድምፅ! እኔን ሳትጠይቅ! ጓዳዬ ገብተህ ሰረቅኸኝ እኮ!» አለችው። ልትመታው እጇን አንስታ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው ሆዱ አንድ አይደለም፤ ያቺው የተነሳች እጅ ወረደችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። «አንዴ ድገመው» አለችው።

«ምን ይበል?»

«ስሜን ይጥራ።»

ወንዳወቅ ጻፈ። «ያምሮት» አለ ድምፁ፤ ቀበሌ ዘይት ሲታደል ስም እንደሚጠራው ሰውዬ። ይታገሱ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን «ያምሮት» ብሏት አያውቅም፤ «ያምሪ» ነበር የሚላት፣ ያውም በአፉ እንጂ በስልክ አይደለም። ይህን ለወንዳወቅ አልነገረችውም። ያቺን እንኳ ለራሴ ላስቀራት አለች በሆዷ።

«እማማ ሰምተዋል?»

«አረ! እንዴት ተደርጎ!» አለና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ የታሰረ ነበር።

እማማ ንግሥቴ አማቷ ናቸው፤ የይታገሱና የወንዳወቅ እናት፣ ልጆቻቸው «እናና» የሚሏቸው። ያምሮት በኒህ ሴትዮ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ባልም ጥቁርም የሌላት ሴት ሆና ኖራለች። ባሏ የሞተባት ጥቁር ትለብሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ተዝካር ታወጣለች፣ ወራት ሲያልፍ እግዜር ካለላት ጎጆ ትቀልሳለች። ለያምሮት ግን ሁሉም ተከልክሏል። አንድ ቀን ጥቁር ሻርፕ ብታደርግ እማማ ንግሥቴ ከትከሻዋ መንጭቀው «በልጄ ላይ አታሟርቺበት!» ብለው ማድቤት ወረወሩት። ፍትሐት ይደረግለት ሲባል አሻፈረኝ፣ ይለቀስ ሲባል አሻፈረኝ። ያምሮት ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሞላት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሃይለ ሚካኤል የሚባል አናጢ አለ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሽማግሌ ልኮ ዓመት ሙሉ ጠበቀ። በዚህ ወር ግን «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቤቴን ባዶ አላሳድርም፣ ይቅርታ ታድርግልኝ» ብሎ ላከ። ምን ያድርግ፣ እሱም ሰው ነው። የገዛ አባቷ ፈረስ ቤት ከተማ ሆነው «የሟች ቤት ሳይመርቅሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለዋታል። ስለዚህ የሚቀራት አንድ በር ነው፤ እማማ ንግሥቴ «ልጄ ሞቷል» ብለው በአፋቸው እንዲያምኑ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ ባዶውን ወጥቷል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዛሬ ነው፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ሐሙስ ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሐሙስ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እማማ ንግሥቴ ያምሮትን ወፍጮ ቤት ይልኳታል። ዱቄት ኖረም አልኖረም «እስቲ ይቺን አስፈጭተሽልኝ ነይ» ብለው ግማሽ ቁና ጤፍ ያሸክሟታል። ወፍጮ ቤት ያለው ደስታው ይስቅባታል፤ «እመቤቴ፣ ይቺን እኮ በመንጋጋሽ ትጨርሻታለሽ፣ ሞተሬን ለምን ታስነሽዋለሽ?» ይላታል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ። ያምሮት ግን ሳታጉረመርም ትሄዳለች፤ ምክንያቱም ከአምስት ወር በፊት እማማ ንግሥቴ እህል አልቀምስም ብለው አጥንታቸው ወጥቶ ነበር። ሞቱ ሲባል አንድ ሐሙስ ተነሡ፣ ታጠቡ፣ በሉ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ንጹህ ቀሚስ ለብሰው በራቸውን ይዘጋሉ። የስግደት ሰዓታቸው ነው፣ ፈጣሪ አጽናናቸው ብላ ነው ያምሮት የያዘችው። ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

ፊልሙ የሚታየው በአምስት ሰዓት ነበር። ዛሬ ዛሬ ማንም ሰው አምሽቶ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይፈልግ ሲኒማውም በጠራራ ፀሐይ ሆኗል። ያምሮት አልሄድም ብላ ነበር፤ ወንዳወቅ ግን «እታለም፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው፣ ከቤት አንድ ሰው እንኳ አይየኝ?» ብሎ ሲለማመጣት ሆዷ ባባ። እማማ ንግሥቴን ጠይቀዋቸው «እግሬን ያመኛል፣ እናንተ ሂዱ» አሉ። በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ጠሯት። «ብቻ ከዘጠኝ በፊት ድረሺ፣ ወፍጮ አለ።»

በባጃጅ ሃያ ሃያ ብር ከፍለው አዳራሹ ጋ ወረዱ። መግቢያው ሃምሳ ብር ነው፣ ለቤተሰብ ነፃ። በሩ ላይ የተለጠፈው ፖስተር አሮጌ ድልድይና ከድልድዩ ማዶ ያለ ትልቅ ሾላ ያሳያል፤ «ማዶ» የሚል ተጽፎበታል። «ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው፤ ምስጢሩ ቀስ እያለ ነው የሚፈታው» አላት ወንዳወቅ። ቀስ እያለ ያለው እውነቱን ነው። ፊልሙ ሲጀምር አንድ የተዘጋ የቆርቆሮ በር ታየ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ በሩ ብቻ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ክፈቱለት፣ ሰውየው ሽንቱ ይዞት ይሆናል!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፈረሰው። ወንዳወቅ ጆሮው ቀላ።

ታሪኩ በአንዲት ከተማ ዳር ባለ ኮረብታ ላይ ማን እንደተከለው ያልታወቀ የብረት ምሰሶ መቆሙን ያወራል። ምሰሶው ከቆመ ጀምሮ የጠፉ ሰዎች ወደየቤታቸው መደወል ይጀምራሉ። የት እንዳሉ አይናገሩም፤ ሰዓት ብቻ ይጠይቃሉ፣ እነሱ ያሉበት ጊዜው የሄዱ ዕለት ላይ ቆሞባቸዋልና። ፊልሙ ከዚያ ሁሉ ከተማ አንዲት እናት ላይ ብቻ ይቀመጣል። እናቲቱ እግሯን ትታጠባለች፣ ቀሚስ ትቀይራለች፣ ትጠብቃለች። የምትጫወተው የካምፓስ ልጅ ናት፤ እንድታረጅ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰውባታል። ሰው አንድ ሁለት እያለ ወጣ። የቀረው ግን ዝም ብሎ ማየት ጀመረ፤ ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ስትጠብቅ ማየት የሆነ የሚይዝ ነገር አለው።

ከዚያ ምራቲቱ መጣች። አማቷ ግማሽ ቁና ጤፍ አሸከመቻት። ያምሮት ሳቋ አመለጣት። ይሄ ቀጣፊ እኔንም ከተተኝ እኮ አለች። ምራቲቱ ከግቢው ወጣች፣ ፊልሙ ግን ተከትሏት አልወጣም፤ ያምሮት በዚያ ሰዓት አይታው የማታውቀው ቤት ውስጥ ቀረ። እናቲቱ በሩን ዘጋች። ከትራሷ ስር ትንሽ ስልክ አወጣች። ስልኩ ጠራ። የይታገሱ ድምፅ «እናና፣ ሰዓቱ ስንት ሆነ?» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ልጄ» አለች እናቲቱ፤ ከዚያም «ሰዎቹ ሚስትህን ልቀቂያት እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?»

«ትጠብቀኝ» አለ የይታገሱ ድምፅ።

«ውይ ሲያሳዝን!» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ፤ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ። ያምሮት ክው ብላ ቀረች። ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ የገቡ ዕለት እማማ ንግሥቴ የመለሱት መልስ ይህ ነበር፤ «ትጠብቀው ተብላለች።» ማን አለ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ሁሉም ሰው፣ ቄሱም ሳይቀር፣ ሕልም አይተው ወይም ታቦት ተገልጦላቸው ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። ያምሮትም አብራ ደፍታለች። ታዲያ ታቦቱ ከጎኗ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ነው!

ተነሥታ ወጣች። ወንዳወቅ ፊልሙን ጥሎ ተከተላት። ከአዳራሹ ጀርባ ከውሃው ሮቶ ጥላ ስር ደረሰባት።

«ስንት ጊዜ ደወልክላቸው?»

ለመዋሸት አፉን ከፈተና ዘጋው። «ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሐሙስ ሐሙስ።»

«ወየው! ወየው አንተ ልጅ!»

«መጀመሪያ ለሙከራ ነበር፣ በእግዜር። እናና እህል አልቀምስም ብላ ልትሞት ነበር፣ አንቺም አይተሻል። አንድ ጊዜ ደወልኩ፣ ተነሥታ በላች። እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ተናገረ፣ እናቴ በላች። እንዴት ላቁም? አንድ ሐሙስ ብዘለው ደግሞ ትተኛለች። የያዙኝ ሰዎች ከሰሙ ይጎዱኛል፣ ለማንም አትንገሪ ብዬ... ብሎ ነግሯታል።»

«ትጠብቀኝ ያለውስ ማነው? እሱም እናትህን ለማብላት ነው?»

ወንዳወቅ «አንቺ ከሄድሽ ከሷ ጋር ብቻዬን ነው የምቀረው፤ አልችልም እታለም» አለ። ያምሮት ልትጮህበት ነበር፤ ነገር ግን ልጅ መስሎ ታያት፣ አንጀቷን በላው፣ ያ ራሱ ደግሞ አናደዳት። ወጣትነቷን አምስት ወር ሙሉ በአንድ ጎረምሳ ጣት እንደ በግ ታስራ መኖሯ ነው የሚያቃጥል። ሄዳ እውነቱን ለመናገር ተነሣች፤ እሱ እግሯ ላይ ወደቀ። «ጡቷን ይዛ ትረግመኛለች። ደግሞም ትሞታለች፤ እውነቴን ነው፣ ይሄን ከሰማች ትሞታለች።»

ያምሮት ወደ ሰማዩ አየች። ሰባት ሰዓት አልፏል። አሥር ሰዓት ሽማግሌ ይገባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ይጠራል።

«እንግዲያው ዛሬም ደውል» አለችው። «ደውልና ራሱ ያርዳቸው። ሞቻለሁ ይበል፣ ፍትሐት አድርጉልኝ ይበል፣ ልቀቂያት ይበል። ያሰረኝ አፍ ይፍታኝ!»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። መርዶ ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ዘመድ ግራና ቀኝ ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ የሚነገር። ሟች ራሱ የራሱን መርዶ የነገረበት አገር ተሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እማማ ንግሥቴ እንደልማዳቸው ጤፉን አሸከሟት። ያምሮት በበሩ ወጣችና በጓሮ ዞራ ከትንሿ መስኮት ስር ቁናዋን አቅፋ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ።

«ወዬ የኔ ጌታ!» አሉ እማማ ንግሥቴ፤ ድምፃቸው የልጃገረድ ድምፅ ሆነ። «ምን በላህ? ሚስትህ ደህና ናት፣ ወፍጮ ልኬያታለሁ። እነዚያ ሰዎች ዛሬም ይመጣሉ፣ አታስብ፣ አባርራቸዋለሁ።»

ወንዳወቅ እየጻፈ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ያው ሰዓት የሚጠይቀው፣ ያው የማይቸኩለው። «እናና፣ ስሚኝ። እኔ የለሁም። የሄድኩ ዕለት ነው የሞትኩት። ፍትሐት አድርጉልኝ፣ ተዝካሬን አውጡልኝ። ያምሮትን ልቀቂያት።»

ያምሮት ጩኸት ጠበቀች፤ አልመጣም። የእማማ ንግሥቴ ትንፋሽ ብቻ እየገባ ሲወጣ ይሰማል። በመጨረሻ የተናገሩትን ግን ያምሮትም ወንዳወቅም በሕልማቸው አላሰቡትም። «ፍትሐት ስላልተደረገልህ ነው ለካ!» አሉ ቀስ ብለው። «ነፍስህ ማረፊያ አጥታ ስትንከራተት ነው ለካ ሐሙስ ሐሙስ የምትደውል! እኔው ነኝ የያዝኩህ፤ እኔ አፈር ልብላ፣ ለቅሶህን የከለከልኩህ እኔ ነኝ! ይቅር በለኝ ልጄ። አጽምህ የት ነው ያለው? ንገረኝ፣ ለቅሜ ከአባትህ ጎን ላግባህ።»

ያምሮት በሆዷ አትመልስ፣ አትመልስ፣ ዝጋው አለች። ድምፁ ግን ተናገረ። «ከድልድዩ ማዶ፣ ከሾላው ስር።» ወንዳወቅ ቢጨንቀው ከፊልሙ ፖስተር ላይ ወስዶ ሰጣቸው።

አሥር ሰዓት ላይ የንስሐ አባታቸው፣ ቄስ ደረሰ የሚባሉት፣ እና የእማማ ንግሥቴ ባል ወንድም አያ ገደፋው ገቡ። ያሰናዱት ቃል ነበራቸው፤ አላስፈለገም። እማማ ንግሥቴ ባላቸው ሲሞት የለበሱትን ጥቁር ከሳጥን አውጥተው ለብሰው ጠበቋቸው። ሌላ ጥቁር ሻርፕ በእጃቸው ነበር፤ ያምሮትን ጠርተው በገዛ እጃቸው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ወጣትነትሽን በላሁት። ከፍትሐቱ በኋላ መርቄ እሸኝሻለሁ» አሉና ግንባሯን ሳሟት። ሦስት ዓመት የለመነችው ነገር ይኸው፣ ትከሻዋ ላይ ነው። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ወንዳወቅ በሩ ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ብቻ አስቀድሞ አጽሙ ይምጣ» አሉ እማማ ንግሥቴ። የተጣጠፈ ነጭ አቡጀዲ ከጎናቸው አነሡ። «ቦታውን ነግሮኛል፤ የነቀምት መንገድ ላይ ነው። ከድልድዩ ማዶ ከሾላው ስር ነው። ነገ እኔው እወርዳለሁ።»

«እቴ ንግሥቴ፣ እርስዎማ አይወርዱም» አሉ አያ ገደፋው። «መንገዱን ያውቁታል። እኔ አለሁ አይደል? የወንድሜ ልጅ ነው። አካፋ ይዤ ነገ በማለዳ እሄዳለሁ።» አያ ገደፋው ስድሳ ያለፋቸው፣ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። ያንን መንገድ ወርዶ የተመለሰ ሰው በዚህ ወር አልተሰማም። ቄስ ደረሰ መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይከተልህ» አሉ።

ዝም ብትል ነፃ ናት። ያምሮት ይህን ጠንቅቃ አውቃዋለች፤ ልቧ ፍኖተ ሰላም ደርሶ ተመልሷል። አንድ ቀን ዝም ማለት ነው፣ ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ አውቶቡስ። አያ ገደፋው ሊሄዱ ነጠላቸውን አጣፍተው በትራቸውን አነሡ። የበትሩን ጫፍ አየችው፤ አሮጌ የላስቲክ ጫማ ቆርጠው እንዳይንሸራተት አስረውበታል። አልቻለችም።

«አጽሙ እዚያ የለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሾላው የፊልም ሾላ ነው። እማማ፣ የደወለልዎት ይታገሱ አይደለም፣ ወንዳወቅ ነው፤ በኮምፒውተር ድምፁን አስመስሎ። የዛሬውን እንዲል ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አያ ገደፋው፣ አይሂዱ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!»

ወንዳወቅ ግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ቁጭ አለ። ቄስ ደረሰ አማተቡ። ሁሉም የእማማ ንግሥቴን አፍ ይጠብቃል፤ እርግማኑን፣ ጩኸቱን። እማማ ንግሥቴ ግን ለረጅም ጊዜ አቡጀዲውን እያዩ ቆዩ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ በራ።

«ሞቻለሁ ያለኝ እሱ አይደለማ?» አሉ።

«አይደለም እማማ፣ እኔ ነኝ ያስባልኩት።»

«የሞቱን ወሬ አንቺ ነሽ የፈጠርሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ልጄ አልሞተም!» አሉና ተነሡ። «ተመስገን! እኔስ ብያለሁ፣ አልሞተም!» ሻርፑን ከያምሮት ትከሻ ገፈው አጣጠፉት፣ የራሳቸውንም ጥቁር እየፈቱ ወደ ሳጥኑ ሄዱ። ቄስ ደረሰ «ወይዘሮ ንግሥቴ፣ ነገሩን እንየው እስቲ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱ መስቀላቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። አያ ገደፋው ከመውጣታቸው በፊት ያምሮትን አዩዋት፤ ሕይወታቸውን እንዳተረፈችላቸው ያውቃሉ፣ የሚያደርጉላት ግን የላቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሷ ናት። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው፣ አራተኛ የለውም።

«ጤፉስ? አስፈጨሽው?» አሉ እማማ ንግሥቴ ከጓዳ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

«አላስፈጨሁም።»

«ሂጂ እንግዲህ፣ ሳይዘጋብሽ።»

ያምሮት ቁናዋን ይዛ ወጣች። መንገዱን አላየችውም፤ እግሯ በልማድ ወሰዳት። ወፍጮ ቤት ደጃፍ የፆም እህል የሚያስፈጩ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ተሰልፈዋል። ደስታው ዱቄት ለብሶ ብቅ አለና «መጣች ባለ ግማሽ ቁናዋ! ዛሬስ አርፍደሻል፣ ጥርስሽን አሞሽ ነው?» አላት። ሴቶቹ ሳቁ።

በዚህ አገር ሞት የሚጸናው በወረቀት አይደለም። ሴት መንገድ ላይ ቆማ ስትጮህ ነው። አንዴ ከተጮኸ ጎረቤት ይወጣል፣ የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ያንን መልሶ የሚያጣጥፍ እናትም ቄስም የለም። ያምሮት ይህን አስባ ነው ቢሏት ውሸት ነው። ሳቁን ስትሰማ ሦስት ዓመት የታፈነው ነገር ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋን ቀደደው እንጂ። ጤፉ ከእጇ ወደቀና ተበተነ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ይታገሱዬ! ወየው የኔ ጌታ! መሬት እንኳ ያልያዘልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሳቁ ተቆረጠ። ደስታው ሮጦ ሞተሩን አጠፋው፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጸጥታው ጆሮ ይወጋል። «ማነው? ማን ሞተ?» አለ።

«ባሌ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ተረዳሁ» አለች፤ ደረቷን መታች። በአፏ «ባሌ ሞተ» ያለችው ገና ዛሬ ነው፤ ሲወጣ አመማት፣ እንደገናም አለችው፣ እንደገናም። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዲት አሮጊት ወገቧን ያዟት፣ ሌላዋ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ደስታው የወፍጮ ቤቱን በር ቆለፈና ከኋላ ተከተለ። እያለቀሱ መንገዱን ሞሉት፤ ከየደጁ ሰው እየወጣ ምን ተፈጠረ እያለ ተቀላቀለ። ሃይለ ሚካኤል በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ይታገሱ ነው ትዝ ያላት፣ ሽሮው ላይ ጨው አብዝተሻል ሲል።

እማማ ንግሥቴ ጩኸቱን ሰምተው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ያቺን ትንሽ ስልክ ጆሯቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል፤ ወንዳወቅ ከጎናቸው ቆሞ በሁለት ባዶ እጁ ፊቱን ሸፍኗል።

«ልጄ፣ ሰው እያለቀሰ ወደኛ እየመጣ ነው» ይላሉ እማማ ንግሥቴ ለስልኩ። «ከዚያ ታያለህ? ማን ሞቶ ነው?»

ሰው ሁሉ ቆመ። ያምሮት ከመሀል ወጥታ እፊታቸው ደረሰች።

«ይታገሱ ነው፣ እማማ» አለቻቸው።

እማማ ንግሥቴ ስልኩን ከጆሯቸው አላነሡም።